ሰሚራና ባለበሩ ሸረሪት

የሰርቪስ ክፍላችንን ልናከራይ ስንነሣ ባለቤቴ ሞገስ አንድ ነገር ብቻ አዘዘኝ። «ድምፅ የማያበዛ ሰው ፈልጊ» አለኝ። ፈልጌ አገኘሁ። ሰሚራ ድምፅ የላትም። ከደሴት ያመጣችው እንስሳም ድምፅ የለውም። ሰፈሩን በሙሉ ያስጮኸው ግን እሱ ነው።

እኔ ከበቡሽ እባላለሁ። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ፤ ስለዚህ ሰው ሲሳሳት ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንልኝም። ይህንንም የምጽፈው ታሪኩ እዚህ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈራችን፣ በየሰዉ አፍ እየተለወጠ ስላስቸገረኝ ነው። አንዱ ሸረሪቱ የድመት ግልገል ያክላል ይላል። ሌላው ሞገስን ነክሶታል ይላል። ጎረቤታችን ወርቅነሽ ደግሞ ነገሩን ሁሉ ያሳካሁት እኔ ነኝ እያለች ለቅሶ ቤት ሳይቀር ታወራለች። እኔ እዚያው ስለነበርኩ የሆነውን ከእኔ ስሙ።

ሰሚራ የቡታጅራ ልጅ ናት። አባቷ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ልጆቻቸውን በሙሉ በአንዲት ሲንጀር የስፌት መኪና አስተምረዋል። ሰሚራ ጎበዝ ስለነበረች ሐኪም ትሆናለች ብለው ለሰፈሩ ሁሉ አስቀድመው አውርተው ነበር። እሷ ግን ባዮሎጂ መረጠች፤ ከባዮሎጂም ሸረሪት መረጠች። ሰው ሲጠይቃቸው ጊዜ ምን ይበሉ? «በሽታ ነው የምታጠናው» እያሉ ያልፉታል አሉ። ይህን እየሳቀች ነው የነገረችኝ። ፊቷን ሳየው ግን ሳቁ ከልብ አልነበረም።

አሁን እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ቀጭን ናት፤ ሻርፗን ጥብቅ አድርጋ ትጠመጥማለች፤ ስትሄድ ዓይኗ ከመሬት አይነሣም። መጀመሪያ ዓይን አፋር መስላኝ ነበር። አንድ ቀን ብጠይቃት፣ «አይ እትዬ፣ ጉንዳን እንዳልረግጥ ብዬ ነው» አለችኝ። እኔ ደግሞ ትቀልዳለች ብዬ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ሸረሪቱን ያገኘችው ወድቃ ነው። ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በአንዱ ውስጥ ሰው የማይኖርባት ትንሽ ደሴት አለች። ስሟን አልጽፍም፤ ሰሚራ ከልክላኛለች። ሰው አካፋ ይዞ ይሄድና ይፈጃቸዋል ብላ ትፈራለች። ተማሪዎቿን ወፍ ልታስቆጥር ይዛ በጀልባ ሄደች፤ በፍየል መንገድ ቁልቁል ስትወርድ አዳለጣት። ላለመንከባለል አፈሩን ብትይዘው አፈሩ በእጇ ላይ ተከፈተ። በር ነበር። ከካፖርት ቁልፍ የማይበልጥ ክብ በር፣ ላዩ አፈርና የድንጋይ ሽበት የለበሰ፣ ውስጡ ነጭ ሐር፣ ማጠፊያው ሳይቀር ከሐር የተሠራ። ከበሩ ሥር ጉድጓድ፣ በጉድጓዱ ውስጥ ደግሞ አንዲት ሸረሪት ሁለት እግሯን አንሥታ ቆማለች። «እትዬ፣ በሩን መልሳ ከእጄ ላይ ጎትታ ዘጋችብኝ!» እያለች ስትነግረኝ ልጅ ትመስል ነበር።

እነዚህ ሸረሪቶች ድር አያደሩም። ጉድጓድ ቆፍረው፣ በር ሠርተው፣ ከውስጥ ይዘው ይዘጋሉ፤ ሲመሽ በሩን ገርበብ አድርገው የሚያልፍ ጥንዚዛ ይጠብቃሉ። ሴቷ ዕድሜዋን በሙሉ ከዚያች ጉድጓድ አትወጣም፤ ለብዙ ዓመት ነው የምትኖረው። ልጆቿም እንደ ሌሎቹ ሸረሪቶች ክር ለቅቀው በነፋስ አይበሩም፤ ከእናታቸው ጥቂት ራቅ ብለው የየራሳቸውን ጉድጓድ ይቆፍራሉ፣ በቃ። ዙሪያው ውሃ ነው። ሰሚራ በሐይቁ ዳርቻ ሁሉ፣ በሌሎቹ ደሴቶችም ፈለገች፤ አንድም አላገኘችም። ያሉት በዚያች ቁልቁለት ላይ ብቻ ነው።

ችግሩ፣ በዚያች ቁልቁለት ላይ ሎጅ ሊሠራ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ቁፋሮው ይጀመራል ተባለ። ሰሚራ ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት አቤት ብትል፣ «ይህ እንስሳ ማን ይባላል?» አሏት። ስም የለውማ! ስም እንዲወጣለት ደግሞ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ሸረሪት ሲለዩ ያረጁ አንድ የውጭ አገር ሊቅ ፎቶውን አይተው፣ «ሴቶቹ ሁሉ ይመሳሰላሉ፤ ያደገ ወንድ ካላየሁ ምንም ማለት አልችልም» ብለው መለሱላት። ወንዱን የሚለየው ፊት ለፊት ያሉት ሁለት አጫጭር እጆቹ ናቸው፤ እነሱም ቅርጻቸውን የሚይዙት የመጨረሻ ቆዳውን ከጣለ በኋላ ነው። ቆዳውን ጥሎ ዝናብ ሲመጣ በሩን ከፍቶ ሴት ፍለጋ ይወጣል፤ ጥቂት ሳምንት ዞሮ ይሞታል። ይህ የሚሆነው በዓመት አንዴ ነው። እንግዲህ ይህ ዓመት ካመለጠ በሚቀጥለው ዓመት ቁልቁለቱ ራሱ የለም።

ስለዚህ አስፈቅዳ አንድ ገና ያልደረሰ፣ እጆቹ ግን ማበጥ የጀመሩ ወንድ ከነጉድጓዱ፣ ከነአፈሩ ቆርጣ ታጥቦ በጸዳ የቀለም ባልዲ አመጣች። የዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ እየታደሰ ስለነበር የቀለሙ ሽታ ይገድለዋል ብላ ቤቷ ልታስቀምጠው ፈለገች። በጀልባም በሚኒባስም ጭኗ ላይ አድርጋው ነው የመጣችው። የሚኒባሱ ረዳት ምን እንደያዘች ቢጠይቃት «አበባ ነው» አለችው። ባልዲው ውስጥ አፈር ብቻ አየና፣ «አይዞሽ፣ ይበቅላል» ብሎ አጽናናት። ለእኔ ግን አልዋሸችም። በር ላይ ቆማ፣ «እትዬ፣ ሳልነግርዎት አላስገባውም» አለችኝ። ባየው አፈር ነው። ሸረሪት አልወድም፤ ግን ሥራዋን ታቅፋ የመጣች ሴት ላይ በር አልዘጋም። «ግቢ» አልኳት።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ ሞገስ ጎኔን አቃጠለኝ አለ። ሸሚዙን ቢያወልቅ ከጀርባው እስከ ሆዱ ድረስ በአንድ ወገን ቀልቶ፣ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ እንደ መቀነት ዞሮታል። ልትጠይቀው የመጣችው ወርቅነሽ ገና ስታየው አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ውይ ጋሽ ሞገስ! ይሄማ አልማዝ ባለጭራ ነው! ሸረሪት ሸንቶብዎት ነው!»

መቼም አልማዝ ባለጭራ ሲወጣ ሸረሪት ሸናብኝ የማይል ሰው በሰፈራችን የለም። እኔም ልጅ ሆኜ የሰማሁት ይህንኑ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሸረሪቷ የት እንዳለች ስለማይታወቅ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። አሁን ግን ሸረሪት በአድራሻ ተገኘ፤ ያውም ግቢያችን ውስጥ፣ በባልዲ!

ሰሚራ ባጃጅ ጠርታ ሞገስን ራሷ ክሊኒክ ወሰደችው። እኔም አብሬ ሄድኩ። ሲስተር ዮዲት የምትባል ነርስ አይታው፣ «አባባ፣ ልጅ ሆነው ጉድፍ ወጥቶብዎት ያውቃል?» አለችው። ያውቃል። «እሱ ነው። ሰውነትዎ ውስጥ ተደብቆ ኖሮ ዕድሜ ሲጫንዎት ተነሣ። ሸረሪት የለበትም» ብላ መድኃኒት ሰጠችው። ደስ ብሎኝ ይህንኑ ለወርቅነሽ ብነግራት ምን ትለኛለች? «ነርሷ ምን ታውቃለች፣ እሷ ግቢ ሸረሪት የለ!»

ከዚያ ወዲያ ሰላም አጣን። ሊጠይቀው የሚመጣው ሰው ብርቱካኑን ይዞ፣ በሰሚራ በር ሲያልፍ ነጠላውን ሰብስቦ ይሮጣል። አንዷ ፍሊት ይዛልኝ መጣች። ከደብረ ብርሃን የሞገስ እኅት ስልክ ደውላ አለቀሰች። የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ብርሃኑም ኮቱን ለብሶ መጥቶ፣ ለሰፈሩ ደህንነት ሲባል አውሬው ከግቢው ይወገድ ዘንድ አሳሰበን። አውሬው! ሰሚራን ማንም ክፉ አልተናገራትም፤ ግን ሰላምታ ሲሰጧት ከሩቅ ሆነ። ልጅቷ ከሳች። ዝናቡ ደግሞ ዘገየ። በየማታው አፈሩ ላይ ጥቂት ውሃ ትረጫለች፤ እንዳይሰምጥ ብላ አታበዛም። በሩ አይከፈትም።

እኔ ልቤ እየተቃጠለ ዝም አልኩ፤ ምክንያቱም የታመመው ሞገስ ነው። ሸሚዝ ሲነካው የሚጮኸው እሱ ነው። እሷም ይህን አውቃ ወደ እኔ አልመጣችም፤ በቀጥታ ወደ እሱ ሄደች። በረንዳው ላይ ከፊቱ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ቤቱ የእርስዎ ነው፣ ሕመሙም የእርስዎ ነው። አውጪ ካሉኝ ዛሬውኑ አወጣዋለሁ፤ አልቀየምም። ግን አሁን ከቦታው ካነሣሁት ይሞታል። እሱ ከሞተ እነዚያ እዚያ ያሉት አለቀላቸው። ይህን ሳልነግርዎት ቢወስኑ ደስ አይለኝም ብዬ ነው።»

ሞገስ በመብራት ኃይል ሥራ ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ያልዞረበት አገር የለም፤ በመጨረሻ እዚህ ሐዋሳ መጥቶ የቀረ ሰው ነው።

«እዚያ ደሴት ላይ ብቻ ነው ያሉት ትያለሽ?»

«እዚያ ብቻ ነው፣ ጋሼ።»

«ሌላ ዘመድ የላቸውም?»

«በዓለም ላይ የላቸውም።»

«ነርሷ ያለችውን ሰምቻለሁ፤ ወርቅነሽ ያለችውንም ሰምቻለሁ። ማንኛቸው ልክ እንደሆነች እግዜር ይወቅ፤ የሚያቃጥለው እኔን ነው። እስከ ፋሲካ ይቆይ። ፋሲካን ግን ከሸረሪት ጋር አልፈስክም» አለ።

ለእኔ በቂ ነበር። ሰሚራ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ልትስም ስትል፣ «ኧረ ተይ፣ ጎኔን ትነኪኛለሽ!» ብሎ አባረራት።

የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ነበር። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሮ ጠብ አልል ብሏል። ሰሚራ የኤክስቴንሽን ተማሪዎች ልታስተምር ሄዳለች። በረንዳው በጠያቂ ሞልቷል። ሞገስ በአንድ ወገን ሸሚዙን አውልቆ፣ ጋቢውን በደህናው ትከሻ ጣል አድርጎ መሐል ተቀምጧል፤ አቶ ብርሃኑ አጠገቡ አለ። ወርቅነሽ ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ ብላ ወደ ጓሮ ሄዳ ቆየት ብላ ተመለሰች። እጇ ላይ ባዶ ሃይላንድ ይዛ ነበር። ያኔ ልብ አላልኩም።

ጸበል ነው ይዛ የመጣችው። የሰሚራ ክፍል በመቀርቀሪያ ብቻ ነው የሚዘጋው። ገብታ፣ ባልዲው ላይ የታሰረውን ወንፊት ፈትታ፣ «በስመ አብ» ብላ ያን ሁሉ ጸበል አፈሩ ላይ ገለበጠችው። እንዲወጣልን ብላ ነው፤ ለሞገስ ከልቧ አዝና ነው። ወንፊቱን ግን መልሳ አላሰረችም።

ትንሽ ቆይቶ አንዲት ሴት ጮኸች። ከሰሚራ በር ሥር፣ ጥቁር፣ እግረ ረጅም፣ እርጥብ ሸረሪት ግድግዳውን ተከትሎ ይመጣል። ከነእግሩ የሻይ ስኒ አፍ ቢያክል ነው፤ በረንዳው ግን በአንድ ጊዜ ባዶ ሆነ። ብርቱካኑ ተንከባለለ፣ ወንበሩ ተገለበጠ። ሰው ሁሉ እየተገፋፋ ወደ ግቢው ሲወርድ ሞገስ በሕመሙ ምክንያት ፈጥኖ መነሣት አልቻለም። ሸረሪቱ የጋቢውን ጠርዝ አገኘና መውጣት ጀመረ።

አቶ ብርሃኑ ጫማውን አውልቆ አነሣ። ወርቅነሽም፣ «በለው! በለው!» ትላለች።

«ብርሃኑ» አለ ሞገስ፣ «ጫማህን አድርግ።»

«ኧረ ሞገስ፣ ወደ ቁስሉ እኮ ነው የሚሄደው!»

«ጫማህን አድርግ አልኩህ። ከበቡሽ፣ ልጅቷ ጋ ደውዪ።»

ደወልኩ። «ሰሚራ፣ ወጥቷል፤ ሞገስ ላይ ነው» ብቻ አልኳት። ስልኩ ተቋረጠ። ብርጭቆ አምጥቼ ልድፋበት ብል ሞገስ ከንፈሩን እንኳ ሳያነቃንቅ፣ «እግሩን ብትሰብሪበትስ? እሷ ትምጣ» አለኝ። ከዩኒቨርሲቲው እስከ እኛ ቤት ባጃጅ ሩቅ አይደለም፤ ያን ዕለት ግን አዲስ አበባ ድረስ የተሄደ መሰለኝ። ሸረሪቱ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ እግሩን ያነሣል፣ ይሄዳል። ከትከሻው ወርዶ ወደታመመው ወገን መጣ። ጋቢው ካለቀበት ላይ አንድ እግሩን ዘርግቶ ቁስሉን ነካው። ሞገስ ዓይኖቹን ጨፈነ፤ ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ፤ ግን አልነቃነቀም። ሸሚዝ ሲነካው የሚጮህ ሰውዬ! በትዳራችን ብዙ አይቼዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ኮርቼበት አላውቅም። ይህን ለእሱ ነግሬዋለሁ፤ እዚህም እጽፈዋለሁ።

ሰሚራ ሻርፗ ወልቆ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ ገባች። ተንበርክካ ያመጣሁትን ብርጭቆ በቀስታ ከሥሩ አስጠጋችለትና በወረቀት ነካ ስታደርገው ሰተት ብሎ ገባ። ወደ ብርሃን አንሥታ አየችው። ያቺ ድምፅ የላትም ያልኳት ልጅ ጮኸች።

«ደርሷል! ቆዳውን ጥሎ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል! ዝናብ ነበር የሚጠብቀው!» ከዚያ ጣሪያውን አየች፣ ሰማዩን አየች። «ግን እኮ አልዘነበም።»

ወርቅነሽ ባዶዋን ሃይላንድ ከኋላዋ ደበቀች። አቶ ብርሃኑ አየባት። መናዘዝ ግድ ሆነባትና ስትነግራት ሰሚራ በሳቅ ተንከተከተች፤ ከዚያ ደግሞ አቅፋት አለቀሰች። «እትዬ ወርቅነሽ፣ እኔ ውሃው ይበዛበታል ብዬ ስፈራ እርስዎ ነዎት እኮ ያወጡልኝ!» አለቻት። እንግዲህ ወርቅነሽ ነገሩን ያሳካሁት እኔ ነኝ የምትለው ይህንን ይዛ ነው። ጸበሉን አላቃልልም፣ ክርስቲያን ነኝ። ግን «በለው! በለው!» ስትል የነበረችውም እሷው መሆኗ ይመዝገብልኝ።

ሸረሪቱ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ኖረ። ሞገስ ፋሲካን ከእሱ ጋር ፈሰከ፤ እንዲያውም በየጠዋቱ «ወንድሜ እንዴት አደረ?» ይላት ጀመር። ሽፍታውም ደረቀ። ሸረሪቱ ጊዜው ደርሶ ሲሞት ሰሚራ በአልኮል ጠርሙስ አድርጋ ለሊቁ ላከችላቸው። መልሱ ሲመጣ ክረምት ገብቶ ነበር። ዝርያው ራሱን የቻለ፣ በዓለም ሌላ ቦታ ያልታየ ነው፤ ሰሚራ ስም ታውጣለት አሉ። የደሴቲቱን ስም ሰጠችው። ቁልቁለቱ እንዳይነካ ተወሰነ፤ ሎጁ ወደ ማዶ ወደ ድንጋያማው ወገን ዞረ። ቡታጅራ ደውላ ስትነግራቸው አባቷ ሱቃቸውን ክፍት ትተው ለጎረቤት ሊያወሩ ወጡ አሉ።

ሸረሪቱ ከሊቁ ዘንድ ወደ አገሩ የተመለሰ ዕለት ሰሚራ ወደ ዩኒቨርሲቲው ከመውሰዷ በፊት እኛ ቤት አመጣችው። ጣት የምታክል ጠርሙስ ናት። በውስጧ ከሸረሪቱ ጋር ጥፍር የምታክል ወረቀት አለች። «እንዲህ ዓይነት ናሙና ያለዚህ ወረቀት ዋጋ የለውም» አለችን። «የት እንደተገኘ፣ ማን እንደያዘው ይጻፋል። እኛ ሁላችን ካለፍን በኋላም ይህን ዝርያ የሚያጠና ሰው ሁሉ ይህን ማንበቡ አይቀርም።» ሞገስ መነጽሩን አድርጎ ጠርሙሷን ወደ መስኮቱ አስጠጋት። የደሴቲቱ ስም አለ። ቀጥሎ፣ «ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ፣ በጋቢ ላይ ተያዘ» ይላል። ከሥሩ፣ «የያዙት፦ ሰሚራ ነስሩ እና ሞገስ።»

ደጋግሞ አነበበው።

«የአባቴ ስም የለም» አለ።

«ጋሼ፣ ወረቀቷ ጠባብ ሆነችብኝ። የአባትዎ ስም ደግሞ ረጅም ነው።»

«ሁሉም ሰው ያነበዋል አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«እንግዲያው አባቴ አብሮኝ ይግባ።»

ሰሚራ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ጠረጴዛው ጋ ቁጭ አለች፣ አዲስ ወረቀት ቆረጠች፣ ከቦርሳዋ ቀጭኑን ብዕር አወጣች፣ ትንፋሿን ይዛ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጻፈች። እኔ ከትከሻዋ በላይ ቆሜ፣ እንደለመድኩት ፊደሉን እያረምኩ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፦ «ሰሚራ ነስሩ እና ሞገስ ወልደ ጻድቅ።»

ሞገስ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ለብርሃኑ ሊነግረው ወጣ።